ከድንጋዩ ላይ የተነገረ ቃል

መቱ ገበያ መካከል፣ ከትልቁ ዋርካ ጥላ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበረ። ለሚያልፍ እንግዳ ምኑም አይደለም። ቡና ተሸካሚዎች ወገባቸውን ያሳርፉበታል፤ ፍየልም ይወጣበታል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ጎንፋ የሚባለው ሰው የጎሽ ቀንዱን ነፍቶ ድንጋዩ ላይ ሲቆም፣ ሚዛን የያዘ ሚዛኑን ያወርዳል፣ የሚከራከር ክርክሩን ያቆማል፣ እናቶችም የልጆቻቸውን አፍ በመዳፋቸው ይይዛሉ።

ጎንፋ የመቱ ለፋፊ ነበር። ሬዲዮ ባልነበረበት፣ ጋዜጣም ቢመጣ አንባቢው በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ ለመቱና ለአካባቢው ሰው አዋጁም ወሬውም የሚደርሰው በእሱ ጉሮሮ ነው። ትእዛዙ ከግዛቱ መቀመጫ ከጎሬ በአማርኛ ይመጣለታል፤ እሱ በኦሮምኛ ይለፍፈዋል። ወጣት ሳለ ጎሬ በአንድ ባላባት ቤት መልእክተኛ ሆኖ ስላገለገለ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል። ማንበብ አይችልም። የሰማውን ግን ግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ አንዲት ቃል ሳያፈስ ያደርሳል።

ከሌሎች ለፋፊዎች የሚለየው ስለ ሥራው ማሰብ መውደዱ ነው። አንድ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ የሺህ ሰው ጆሮ እስኪገባ ድረስ በምን በምን ያልፋል? ዛሬ ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤት የሚያጠኑ ሰዎች ላኪ፣ መልእክት፣ ማስተላለፊያ፣ ተቀባይ እያሉ ይከፋፍሉታል። ጎንፋ ያንኑ ነገር በቡና ጭነት አስቦ ደርሶበታል። ጎሬ ያለው ሹም የጭነቱ ባለቤት ነው። ቃሉ ጭነቱ ነው። በቅሎዋ ራሱ ጎንፋ ነው። መንገዱ ላይ ጭቃና ዝናብ አለ፤ የገበያው ጫጫታ፣ የሰካራሙ ፉከራ፣ ሰሚው ከቤቱ ይዞት የመጣው የራሱ ሐሳብ ሳይቀር ጭቃ ነው፣ ጭነቱን ያበላሸዋል። ጆንያውን ፈትቶ፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ አሽትቶ የሚገዛው ሰው ደግሞ ተቀባዩ ነው። ገዢው ፊቱን ካጨማደደ ወይም ራሱን ከነቀነቀ ያ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ምላሽ ነው፤ ምላሹን የማይጠብቅ ነጋዴ ደግሞ ሁለተኛ ምን እንደሚልክ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለወዳጁ ለነጋዴው ለነዚፍ ሲያስረዳው፣ በቡናና በወሬ መካከል አንድ ልዩነት ብቻ አለ ይል ነበር። እሱን ሲናገር ዓይኑ ይበራል። ቡና ሲላክ ከላኪው ጎተራ ይጎድላል፤ ወሬ ግን ተልኮም ላኪው ዘንድ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ መጥፎ ቡና የሚልክ ሰው አንድ ቀን ይከስራል፣ መጥፎ ወሬ የሚልክ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም። ጉዳቱ በበቅሎዋ ላይ ይቀራል።

ይህን ያወቀው በራሱ ላይ ደርሶበት ነው። ልፈፋ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ የጋምቤላ መርከብ ጨው ይዛ ገብታለች፣ ጎሬ ላይ ጨው ረክሷል የሚል ወሬ ከአንድ መንገደኛ ሰማና ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ሰው ቡናውን ተሸክሞ የጎሬን ዳገት ወጣ። ጨው የሚባል ነገር የለም። መርከቧ ጋምቤላ አልደረሰችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎንፋ ቀንዱን ሲነፋ አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ «ዛሬስ ምን አመጣህልን፣ ስኳር?» አለችው። ገበያው በሣቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንፋ ለራሱ ሥርዓት አወጣ፣ ለሃያ ዓመትም አልጣሰውም። በዓይኑ ያየውን ብቻ ከድንጋዩ ላይ ቆሞ ይናገራል። የሰማውን ግን መሬት ላይ እየተራመደ፣ የነገረውን ሰው ስም አስቀድሞ ጠርቶ ይለፍፋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ትንሽ ጠጋ ብሎ ላየው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ድምፁም ያው ድምፅ። የተነገረበት ቦታ ብቻ ሲለወጥ ሰው ወይ ቤቱን ዘግቶ መንገድ ይነሣል፣ ወይ «እስቲ እናያለን» ብሎ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። የቆመበት ቦታ ራሱ የመልእክቱ ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ነዚፍም በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ ነበረው። መቱ ላይ ጨርቅና ጨው የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ በቅሎዎቹን ጭኖ እስከ ኡካና እስከ ዳሪሙ ይዘልቃል። በየመንደሩ ሲደርስ ሰዎች ከጭነቱ በፊት የሚጠይቁት «ጎንፋ ምን አለ?» ብለው ነው፤ ወዲያው ቀጥለው ደግሞ «የት ቆሞ?» ይላሉ። የጎንፋን ድምፅ በጆሮው የሚሰማው ሰው የአንድ ገበያ ሰው ነው፤ ሌላው አገር ሁሉ የሚሰማው ከሚያምነው ሰው፣ ከነዚፍ አፍ ነው። ቃሉ ሁለት ጊዜ ይራመዳል፤ ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው በጣም ይረዝማል።

ጣሊያን ጎሬን የያዘው በ1929 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ከሠራዊቱ በፊት ወረቀት ደረሰ። አውሮፕላን በገበያው ላይ ዝቅ ብሎ እያለፈ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት እንደ ገለባ በተነ። ሰው አንሥቶ አገላብጦ አየው፤ የሚያነብለት የለም። ያቺው ቅቤ ሻጭ፣ «ፈረንጁ ወረቀት ዘራ፤ የሚያጭደው መቼ ይሆን?» አለች። ነዚፍ በርበሬ ሊጠቀልልበት ሰበሰበና፣ «ጋሼ ጎንፋ፣ ይሄ ወረቀት አንድ ማንኪያ በርበሬ እንኳ አይችልም። ውሸቱ ነው መሰለኝ ያሳሳው» አለው።

ቀጥሎ ጎሬ አደባባይ ላይ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ የሚናገር ቀንድ፣ የድምፅ ማጉያ፣ ተሰቀለ። ጎንፋ እሱን ለማየት ብቻ ወደ ጎሬ ወጣ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ሥሩ ቆመ። ድምፁ ከእሱ ድምፅ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ አይደክመውም፣ ጉሮሮው አይደርቅም። አንድ ሽማግሌ ወደ ላይ አንጋጠው «ይህን ከማን ሰማኸው?» ብለው ጠየቁት። ቀንዱ ንግግሩን ቀጠለ። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁና ሄዱ። ጎንፋ ያኔ ልቡ አረፈ። የማይጠየቅ አፍ ለአሥር ሺህ ሰው ቢናገርም አንድ ሰው እንኳ ከቤቱ አያስነሣም ብሎ አሰበ፤ እውነቱንም ነበር። እውነቱ ግን ለእሱ መከራ ይዞ መጣ፤ ወረቀቱና ቀንዱ ያቃታቸውን ነገር ወራሪዎቹ ከሰው አፍ መፈለግ ጀመሩ።

ጎንፋ ሻሽቱ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው፤ እናቷ ሞታለች። የሻሽቱ ባል አብደታ ጠመንጃውን ይዞ ከሠላሳ ሰዎች ጋር ዳሪሙ ጫካ ገብቷል። ሻሽቱ እርጉዝ ስለሆነች አባቷ ቤት ተቀምጣለች። አብደታ በሕይወት ይመለስ ይሆን ወይ? በዚያ ቤት ውስጥ ከዚህ ሌላ ጥያቄ አልነበረም፤ አንዳቸውም ግን አፍ አውጥተው አይጠይቁትም።

በ1930 ጥር ወር አዋጅ መጣ። ጠመንጃውን ይዞ ጎሬ የገባ ሰው ምሕረት ያገኛል፣ ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል የሚል ነው። ጎንፋ ቃሉን የተቀበለው ደርበው ከሚባለው አስተርጓሚ ነው። ደርበው ከወራሪዎቹ ጋር ከሰሜን የመጣ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነበር። ጣሊያኑ ሹም የሚለውን ጎንፋ አይሰማም፤ ጎንፋ የሚመልሰውን ሹሙ አይሰማም። በሁለቱ መካከል ያለው በር ደርበው ነው፤ የሚያልፈውን ያሳልፋል፣ የማይፈልገውን ያስቀራል፣ ሲፈልግም መልኩን ለውጦ ያሳልፋል። ያንን ምሕረት ሹሙ ከልቡ ብሎት እንደሆነና ደርበው ምን እንደጨመረበት ጎንፋ እስከ መጨረሻው አላወቀም።

ጎንፋ አዋጁን እንደ ሥርዓቱ መሬት ላይ እየተራመደ፣ «ደርበው የነገረኝ ነው» እያለ ለፈፈ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። አንድም ሰው ጠመንጃ ይዞ አልመጣም። በአራተኛው ሳምንት ደርበው ራሱ መቱ ወርዶ ገበያውን ሲጠያይቅ ዋለና ወደ ጎንፋ ቤት መጣ።

«ድንጋይ አለህ አሉኝ» አለው።

«የገበያ ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያላየኸውን አትናገርበትም አሉኝ። ደግ። ውጣበት ብዬ ባዝህ ትወጣለህ። ሰዉ ግን በጅራፍ እንደወጣህ ያውቃል፤ ታዲያ ምን ይጠቅመኛል? ስለዚህ አላዝህም። ና ጎሬ ድረስ፣ በዓይንህ እይ።»

ጎንፋ ያን ጊዜ የተሰማው ነገር በኋላ ሲያስታውሰው የሚያፍርበት ነው። ደስ አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሹማምንት አዘውታል፣ ሰድበውታል፤ ሥራውን የተረዳለት ግን አልነበረም። ይህ ሰው ተረዳለት።

ጎሬ ላይ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ አስገቡት። ስድስት ሰዎች በቆርቆሮ ጣሪያ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከሌላ አገር ጫካ ቀድመው የገቡ ናቸው። ሰውነታቸው ታጥቧል። አዲስ የአቡጀዲ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ከቆርቆሮ ሳህን ይበላሉ። እጃቸውም እግራቸውም አልታሰረም። በሩም ክፍት ነው። ጎንፋ እንደ ሥራው ሁሉን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከስድስቱ አንዱን፣ የኡካውን ሁንዴሳን፣ ማር ይዞ ወደ መቱ ሲመላለስ ያውቀዋል።

«ደህና ነህ፣ ጎንፋ?» አለው ሁንዴሳ።

«ደህና ነኝ። አንተስ፣ ተመቸህ?»

«ተመችቶኛል። እንበላለን።»

«ቤትህ መቼ ትገባለህ?»

«በሚመጣው ሳምንት ብለውናል» አለና ከሸሚዙ ኪስ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ አሳየው።

ደርበው ፈንጠር ብሎ ሲጋራውን እያጤሰ ወደ ሸለቆው ያያል፤ የሚሰማም አይመስልም። ጎንፋ አመስግኖ ወጣ።

ዳገቱን ሲወርድ ግን አንድ ነገር ረስቶ የወጣ ሰው ስሜት ያዘው። ወገቡን ዳበሰ፤ ቀንዱ አለ። ዱላውም በእጁ ነው። ምንጩ ጋ ደርሶ ውኃ ለመጠጣት ሲያጎነብስ የጎደለው ምን እንደሆነ ገባው። አልጠየቁትም።

በዚያ አገር ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ኦዱ ነው፤ የወሬ ልውውጥ ማለት ነው። ዝናቡ ደረሰ ወይ፣ የማን ላም ወለደች፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ እያሉ ተራ በተራ ይጠያየቃሉ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ጭነቱን አውርዶ ይናገራል፣ ጭነቱን አውርዶ ይሰማል። ኦዱ ሳይጠይቁ መለያየት ጥል እንዳለ ያስቆጥራል። ከቤቱ አራት ወር የራቀ ሰው ደግሞ የአገሩን ሰው ሲያገኝ ልብሱን ይዞ አይለቀውም። ሁንዴሳ ስለ ሚስቱ አልጠየቀም፣ ስለ ቀፎዎቹም አልጠየቀም። ሌሎቹ አምስቱም ዝም ብለው ሲበሉ ነበር። ወሬ የማይጠይቅ ሰው ወሬው ምንም የማይሠራለት ሰው ነው።

ጎንፋ ይህን ሁሉ ምንጩ ዳር ቆሞ አሰበ። ያልተነገረ ነገርም መልእክት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ልጁን አሰበ። ከዚያ ምክንያት መደርደር ጀመረ። አስተርጓሚው ቆሞባቸው ስለነበር አፍረው ይሆናል። ምግቡ እንዳይቀዘቅዝባቸው ይሆናል። በሚመጣው ሳምንት ቤታቸው ለሚገቡ ሰዎች የቤታቸው ወሬ ምን ያጣድፋቸዋል? የሰው ጆሮ የናፈቀውን ለማስገባት በሩን በርግዶ ይከፍታል፤ የለፋፊ ጆሮም ያው የሰው ጆሮ ነው። ጎንፋ ውኃውን ጠጣና መንገዱን ቀጠለ።

ቅዳሜ ጠዋት ነዚፍ በቅሎዎቹን ወደ ዳሪሙ ሊጭን ሲያሰናዳ ጎንፋን አየውና ጠጋ አለ።

«ጋሼ ጎንፋ፣ ዛሬ የት ነው የሚቆሙት?»

«ድንጋዩ ላይ።»

ነዚፍ የጭነቱን ገመድ እንደያዘ ቀረ። «አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ሁንዴሳን በአፉ አነጋግሬዋለሁ።»

«እሱስ ምን ጠየቀዎት?»

«ደህና ነህ ወይ አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይጠይቀኛል?» አለ ጎንፋ፤ ድምፁ ሳያስበው ጠነከረ።

ነዚፍ ገመዱን ሳበና አጠበቀ። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አለ።

ጎንፋ ቀንዱን ነፋ፤ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ያየውን ተናገረ። የሸሚዙን ነጭነት፣ የእጃቸውን መፈታት፣ የወረቀቱን ማኅተም፣ የበሩን መከፈት ምንም ሳይጨምር ተናገረ። አንድ ነገር ብቻ አስቀረ።

ቃሉ ዳሪሙ ጫካ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ሰዎቹ ነዚፍን የጠየቁት የተለመደውን ነው፤ የት ቆሞ? ድንጋዩ ላይ አለ። ያን ሌሊት ሳይነጋ ተስማሙ። ሠላሳ አንድ ሰዎች ጠመንጃቸውን አንግተው በማክሰኞ ቀን መቱን አቋርጠው አለፉ። አብደታ ወደ ቤት ጎራ ብሎ አንድ ቅል ውኃ ጠጣ፤ የሚስቱን ሆድ አይቶ ሣቀ፣ በሳምንቱ መጥቼ ጣሪያውን እከድናለሁ አላት። አማቱን ስለ ምሕረቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። ከድንጋዩ ላይ የተነገረን ነገር ደግሞ መጠየቅ ነውር ነበር።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ጎንፋ ጎሬ ወጣ። ግቢው ተጠርጓል፤ አንድ ወታደር የቆርቆሮ ሳህኖች ያጥባል። ሌላ ሰው የለም። ደርበው ቢሮው ውስጥ ነበር።

«ተዛውረዋል» አለው ቀና ሳይል።

«ወዴት፣ ጌታዬ?»

«ወደ ሌላ ቦታ።»

«ሁንዴሳስ?»

«ሁሉም። ምን ትፈልጋለህ? ያየኸውን ነው የተናገርከው። ማንም ውሸታም አይልህም።»

በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ግን አየችው፤ አሳዘናትም መሰለኝ፣ ወዲያ ወዲህ አይታ የምታውቀውን ነገረችው። ሸራ የለበሱ ካሚዮኖች ሰዎቹን ጭነው ጠዋት ወጡ፤ የቁርስ ሰዓት ሳይደርስ ባዶአቸውን ተመለሱ።

ጎንፋ ለሻሽቱ የነገራት እሱ ራሱ ነው። ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። በማግስቱ ከሌሎቹ ሰዎች ሚስቶች ጋር ጣሊያን ወደማይደርስበት ወደ ዳሪሙ ጫካ ሄደች፤ እዚያም ሎሚ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎንፋ ሞቱን ቆርጦ ገበያ ወጣ። ድንጋዩ ላይ ቆመና፣ «ግቢው ባዶ ነው፤ አይቻለሁ። የገባ አልተመለሰም» ብሎ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። ወታደሮች ቆመው ነበር፤ ደርበውም ነበር። ገበያው ግን ጸጥ አላለም። ሚዛን የያዘ መመዘኑን፣ የሚከራከር ክርክሩን ቀጠለ። የሱ ድምፅ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫጫታው ጋር ጫጫታ ሆነ። አንድ ወታደር ሊይዘው ሲነሣ ደርበው በእጁ ከለከለው። «ተወው» አለ። «አሁን የፈለገውን ይናገር።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። እያዘዙት ይለፍፋል፤ ሰዉም እሱ ካለው በተቃራኒ ያደርጋል። የከብት በሽታ ገብቷል፣ ከብቶቻችሁን ለዩ ብሎ ሲለፍፍ አንድ ላይ አጎሩአቸው፤ በሁለት ወር ውስጥ በረቱ ሁሉ ባዶ ቀረ። ያቺ ቅቤ ሻጭ እንኳ አትቀልድበትም። የሚላክበት መንገድ መኖሩን፣ ድምፁ መኖሩን፣ ሰሚውም በቦታው መኖሩን ጎንፋ ያያል፤ ሦስቱን የሚያያይዘው የማይታየው ነገር ብቻ ተበጥሷል፤ እሱን ደግሞ የሚቀጥል ባለሙያ የለም።

በ1933 ሐምሌ ጣሊያኖች ጎሬን ለቀው ሄዱ። ጎንፋ በዝናብ ወጥቶ አየ። ባንዲራው ወርዷል። ቢሮዎቹን በር በር እየከፈተ ተመለከተ፤ ከተቃጠለ ወረቀት በቀር ምንም የለም። ከዚያው ሳያርፍ፣ መቱን አልፎ፣ ጭቃውን እየተንሸራተተ በሦስተኛው ቀን ዳሪሙ ጫካ ደረሰ። ሴቶቹ በቅጠል በተሸፈኑ ጎጆዎች ተጠልለዋል፤ ውኃው በጣሪያው ያልፋል። ሎሚ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ ደረቷ ያንቋርራል፣ ስታስል እናቷ ጀርባዋን ትደግፋታለች።

«ሄደዋል» አላት ጎንፋ። «ተነሺ፣ ቤት እንግባ። ልጅቷ ደረቅ ቦታ ያስፈልጋታል።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ያኔም አይተህ ነበር፣ አባዬ» አለች ሻሽቱ። ቁጣ የለበትም። የዝናብ ወሬ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ጎንፋ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀመረላት። ስንት በር እንደከፈተ፣ በየክፍሉ ምን እንደነበረ፣ ባንዲራው ተሰቅሎበት የነበረው እንጨት እንዴት እንደቆመ፣ ከማን ከማን እንደሰማና የሰማውን ካየው እንዴት እንዳስተያየ በተራ በተራ አስረዳት። ሻሽቱ የተጠበሰ በቆሎ ሰጥታው ሰማችው።

«ያን ጊዜም ሁሉን በደንብ ቆጥረህ ነው የነገርከን» አለችው ሲጨርስ።

እንግዲያው ልጅቷን ስጪኝ፣ ተሸክሜ ልውሰዳት ብሎ ለመናት። ሎሚን ወደ ደረቷ ሳበቻትና ነጠላዋን ደረበችባት። ሌሎቹ ሴቶች ከየጎጆአቸው ያዩ ነበር፤ አንዷም አልወጣችም።

በሁለተኛው ቀን መቱ ገብቶ ነዚፍ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ነዚፍ ወንበር አቀረበለት፤ አልተቀመጠም።

«ዳሪሙ ሂድና ንገራቸው። አንተን ያምኑሃል። ስሜን ግን አታንሣ።»

«ከማን ሰማህ ሲሉኝስ?»

«ራሴ አየሁ በላቸው።»

«አላየሁም እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ አይቻለሁ። ሄደዋል፣ ነዚፍ። ልጅቷ ታስላለች።»

ነዚፍ ባዶውን ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ይቅር ይበሉኝ። ያን ጊዜ ቃሉን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንዱን ሰዎች በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ጎሬ ወጥቼ ሳላይ ሁለተኛ አልሸከምም» አለ።

ጎንፋ አልተከራከረውም። የሚለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ እሱ ራሱ ያስተማረው ሥርዓት ነው።

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ወንዙን ስለሞላው ነዚፍ የተነሣው በሠልስቱ ነው። ጎሬ ደርሶ አየ፤ ተመልሶ በቅሎዎቹን ይዞ ወደ ዳሪሙ ወረደ። ሴቶቹ ቃሉን ሲሰሙ ያንኑ ሰዓት ዕቃቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ጎንፋ ከመቱ መውጫ፣ ከዳሪሙ መንገድ ዳር ሆኖ በየቀኑ ይጠብቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን በሰልፍ መጡ፤ ድስት የተሸከመች፣ ቁርበት የጠቀለለች። አንዳንዶቹ ሰላም አሉት፣ አንዳንዶቹ አላሉትም።

ሻሽቱ ከኋላ ነበረች። ባዶውን አንቀልባ አጣጥፋ በብብቷ ይዛዋለች። አባቷ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ እሱም ምንም አልጠየቃትም።

«አንተ በሄድክ በአራተኛው ቀን ነው» አለችው።

ጎንፋ ቀኑን ቆጠረ። በዚያ ቀን ነዚፍ ጎሬ ነበር፤ ባዶዎቹን ቢሮዎች በር በር እየከፈተ ያይ ነበር።